የጓሮ ቃላትና የደጋው ታሪክ

የደብረ ታቦር ስም በተነሣ ቁጥር ወደ ሰው ልቡና ቀድሞ የሚመጣው የመሳፍንትና የመድፍ ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ራስ ጉግሣ መናገሻቸው አደረጓት፤ በየካቲት 1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ በአጠገቧ ተዋጉ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማዪቱ አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡም ከተማዪቱን አቃጥለዋት ሄዱ። ይህ ሁሉ በዜና መዋዕልና በመንገደኞች ማስታወሻ ተጽፎ ተቀምጧል። በየአዳራሹ የተጠጣው ጠጅ እንኳ ተጽፎለታል፤ ጠጁ ያለ ጌሾ እንደማይጣል፣ ጌሾውም ከሰንሰሉ አጥር ውስጥ በአንዲት ሴት እጅ ተተክሎ እንዳደገ ልብ ያለው ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው።

ሆኖም ያልተጻፈ ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም። የጓሮ ታሪክ ብራና ባያገኝም ማደሪያ አላጣም፤ ማደሪያውም ቃል ነው። ከጉና ተራራ ሥር እስከ ፎገራ ሜዳ፣ ከፋርጣ እስከ ጋይንትና እስከ እስቴ፣ ሰው ስለ ዘርና ስለ ችግኝ፣ ስለ ፍግና ስለ አረም በሚነጋገርባቸው ተራ ቃላት ውስጥ ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሄደ፣ በክፉ ጊዜ ምን እንደ ተበላ፣ በደግ ጊዜ ምን እንደ ተዘነጋ ሁሉ ታትሞ ይገኛል። እነዚህን ቃላት ከጓሮ አውጥቶ ትርጉማቸውን መመርመር የሰፊውን ሕዝብ ታሪክ ከሰፊው ሕዝብ አንደበት ማንበብ ነው።

ሦስቱ የቦታ ስሞች

ለአትክልት ቦታ አማርኛ ከጥንት የያዛቸው ሦስት ታላላቅ ስሞች አሉ፤ ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ለየቅል እንደሚባለው ሁሉ የሦስቱም ዕጣ የተለያየ ሆነ።

አንደኛው ገነት ነው። ገነት በግእዝ ተክል የሞላበት፣ ውሃ የሚጠጣ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ኦሪት አዳምን ያኖረችው በእንዲህ ያለ ቦታ ስለሆነ ቃሉ ቀስ በቀስ ከምድር ወደ ሰማይ ወጣና የጻድቃን ማረፊያ ስም ሆነ። በምድር የቀረው ጥቂቱ ደግሞ ከነገሥታቱ ዘንድ ተጠጋ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ በአዘዞ ያሠሩት «ገነተ ኢየሱስ»፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ የተሠራው «ገነተ ልዑል» ቤተ መንግሥት ለዚህ ምስክር ናቸው። ጎመን የተከለ ባላገር ማሳውን «ገነቴ» ብሎ ሲጠራ ግን አይሰማም።

ሁለተኛው ዐጸድ ነው። በመጻሕፍት «ዐጸደ ወይን» ሲባል የወይን ተክል ቦታ ማለት ነው። ይህ ቃል በበኩሉ ወደ ቤተ ክህነት ገባና የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ ስም ሆነ። ስሙም ግብሩን ጠበቀለት። በደቡብ ጎንደር ደጋ ዙሪያው ተመንጥሮ ሲታረስ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው በአብዛኛው የተረፈው በዚሁ በዐጸዱ ውስጥ ነው፤ ዛሬም ከሩቅ ለሚመለከት በታረሰው መሬት መካከል እንደ ደሴት ጎልቶ የሚታየው ጥቅጥቅ ያለ የሀገር ዛፍ ከሞላ ጎደል የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በኋላ ዘመንም ጀርመናዊው ፍሬብል በ1832 ዓ.ም. «የሕፃናት አትክልት ቦታ» ብሎ የሰየመው የትምህርት ዓይነት ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ቋንቋው ይህንኑ ቃል አስታወሰና «አጸደ ሕፃናት» አለው።

ሦስተኛው ጓሮ ነው። ጓሮ ወደ ሰማይም ወደ ቤተ መንግሥትም አልገባም፤ ከቤቱ ጀርባ ቀረ። ደጁ ለእንግዳ ነው፤ ጓሮው ለቤተኛ ነው። ከዚህም የተነሣ ቃሉ ማዕረግ አጥቶ፣ በስውርና በአድልዎ የተደረገ ነገር «በጓሮ በር ገባ» ይባልበታል። ነገር ግን የምድጃው አመድ የሚደፋው፣ የበረቱ ጥራጊ የሚጠራቀመው፣ የዕቃው እጣቢ የሚፈሰው ወደ ጓሮ ነውና ከእርሻው ሁሉ ወፍራም አፈር ያለው እዚያ ነው። ለጠላው ጌሾ፣ ለወጡ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት፣ ለቡናው ጤና አዳም፣ ለምቹ ዳማ ከሴ፣ ለእንስራው ማጠቢያ ግራዋ የሚቀጠፈው ከዚያው ነው። ገነትን ሃይማኖት፣ ዐጸድን ቤተ ክህነት ሲጠብቁት፣ ጓሮን የጠበቀችው የቤቱ እመቤት ናት።

በዚህ ላይ አትክልት የሚለው ቃል አለ። አትክልት በግእዝ «ተክል» ለሚለው የብዙ ቊጥር ነው። አማርኛ ግን ይህን ረስቶ እንደ ነጠላ ቈጠረውና «አትክልቶች» እያለ በብዙ ላይ ብዙ ጨመረ። የሰዋስው ሊቃውንት ቢነቅፉትም ሕዝቡ የተናገረው ጸንቷል።

የአፈርና የእጅ ቃላት

የጓሮ ሥራ የሚጀምረው ከመደብ ነው። መደብ ማለት ችግኝ የሚፈላበት፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተደለደለ አፈር ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ ከግድግዳው ተያይዞ በጭቃ የተሠራው መቀመጫና መኝታ መደብ ይባላል። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲፈነዳ ሀገሩን ሁሉ ያናወጠው «የመደብ ትግል» የተሰየመው በዚሁ ቃል ነው። ችግኝ በየመደቡ እንደሚለይ ሁሉ ሰውም በየመደቡ ተለየ፤ የሽንኩርት ችግኝ የምታፈላው እናትም ልጇ ከስብሰባ ሲመለስ የራስዋን ቃል በሌላ ትርጉም ሰማችው።

ትልምም እንዲሁ ነው። በሬ ወይም ዶማ በአፈር ላይ ያወጣው መስመር ትልም ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የታሰበ ሥራ፣ የወጠኑት ዕቅድ ትልም ተባለ። ፈር የመጀመሪያው የእርሻ መስመር ነው፤ ሥራ «ፈር ያዘ»፣ «ፈሩን ለቀቀ» ይባላል፤ ሌላው ያልሄደበትን መንገድ የከፈተ ሰውም «ፈር ቀዳጅ» ይባላል። ማረም ከተክሉ መካከል የማይፈለገውን መንቀል ነው። መምህሩም የተማሪውን ጽሑፍ ያርማል፤ ወኅኒ ቤቱም በኋላ ዘመን «ማረሚያ ቤት» ሆኗል። አራሚ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ግን በጓሮው ትርጉም ውስጥ አለ፤ ይኸውም ችግኙንና አረሙን ገና በለጋነታቸው ለይቶ ማወቅ ነው። ሳይለይ ያረመ ሁለቱንም ይነቅላል።

ከሁሉ የሚደነቀው መኮትኮት ነው። መኮትኮት በተክሉ ዙሪያ ያለውን አፈር ሥሩን ሳይነኩ ማላላት፣ አየርና ውሃ እንዲገባው ማድረግ፣ አፈሩንም ወደ ግንዱ ማስጠጋት ነው። ወላጅ ልጁን «ኮትኩቶ አሳደገ» ሲባል ይህ ሁሉ ይነገራል። ልጅን ማሳደግ መጎተት እንዳልሆነ፣ ዙሪያውን ማለስለስ እንደሆነ ያስተማረው ጓሮ ነው።

ዕድሜም በጓሮ ይለካል። ዘር ሲጎነቊል ጉንቁል፣ አፈሩን ሲሰነጥቅ ቡቃያ፣ ለመተከል ሲደርስ ችግኝ ይባላል። ለስላሳው ጫፍ ቀንበጥ፣ ያልፈነዳው አበባ እምቡጥ ነው። ፍሬው ገና ሲሆን እንጭጭ፣ ሳይበስል ከተቀጠፈ ጮርቃ፣ እህሉ ለጥርስ ሲደርስ እሸት ይባላል። ከእነዚህ መካከል ለሰው ልጅ ያልተሰጠ የለም፤ ያልበሰለ አሳብ እንጭጭ ነው፤ ያለ ዕድሜው የተቀጨ ልጅ ጮርቃ ነው፤ ወጣትነት እሸትነት ነው።

ማዳቀል ግን የኅብረተሰቡን ጠባሳ የያዘ ቃል ነው። ሁለት ዘርን አገናኝቶ የተሻለ ማግኘት ማዳቀል ይባላል፤ የወጣበትም ሥር ከሕግ ጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅ የሚሰጠው «ዲቃላ» የሚለው ስድብ ነው። ሰው በሰው ላይ የነቀፈውን በተክል ላይ ወደደው። ዛሬ ገበሬው የተዳቀለ ዘር ለመግዛት ሲሰለፍ ያ የጥንቱ ነውር በቃሉ ውስጥ እንደ ቀረ የሚያስታውስ ብዙ አይደለም።

በሬው ሲሞት

የጓሮ ቃላት ከሁሉ ይልቅ የተፈተኑት በክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ በመጣ ከብት አማካይነት በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ዕልቂት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሀገሪቱን በሬ ጨረሰው። በዚያው ዓመት ድርቡሽ ጎንደርን አቃጥሎ ነበርና በጌምድር ከሁለት በኩል ተመታ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ረሀብ በሕዝቡ ዘንድ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ።

በሬ በሌለበት ሞፈርና ቀንበር እንጨት ብቻ ናቸው። ማረሻው ሲቆም ያልቆመው ዶማ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ ማሳየታቸው በታሪክ የተመዘገበ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የዚያን ቀን ያነሡት መሣሪያ ከዘመናት ጀምሮ የጓሮ መሣሪያ የነበረው ነው። በደጋው ልማድ ሴት በበሬ አታርስም፤ መቈፈር፣ መኮትኮትና ማረም ግን ሥራዋ ነው። ስለዚህ በክፉ ቀን ወንዱ ሙያውን ሲያጣ እርሷ ሙያዋ አብሯት ነበር።

ድንች በሀገሪቱ የተስፋፋው ከዚያ ረሀብ ጋር ተያይዞ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። የድንች የትውልድ ስፍራ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር በ1850 ዓ.ም. ግድም እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። አዝመራ በጎተራ ሲሆን ለዘራፊም ለእሳትም የተጋለጠ ነው፤ ድንች ግን እስኪፈለግ ድረስ ከአፈር ሥር ይቆያል። ወታደር በየቤቱ እየተሰራ የገበሬውን እህል በሚበላበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቀድሞ ከተተከለም አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ በክረምቱ እኩሌታ ይደርሳል። ዛሬ የጉና ዙሪያ፣ ፋርጣና የጋሳይ አካባቢ በድንች ከሚታወቁት የክልሉ ስፍራዎች መካከል ናቸው።

ባለቤቱ ቅጽል ሲያገኝ

ድንች የሚለው ስም ግን ከአሜሪካው ተክል ጋር አብሮ በመርከብ አልመጣም። ከእርሱ በፊት በሀገሪቱ ይለማ የነበረ፣ ዛሬም በአንዳንድ ስፍራ የሚበላ ሌላ ሥር አለ። ይህ ነባር ተክል አሁን የሚጠራው «የአገው ድንች»፣ «የወላይታ ድንች»፣ «የኦሮሞ ድንች» እየተባለ ነው። እንግዳው በባዶው ስም ተቀመጠ፤ ባለቤቱ ግን ቅጽል ሳይጨመርበት የማይታወቅ ሆነ።

ይህ በጓሮ ቃላት ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ሕግ ነው። እንግዳ ተክል መጀመሪያ ሲመጣ የመጣበት መንገድ ይጻፍበታል። በቆሎ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ለረዥም ጊዜ «የባሕር ማሽላ» ሲባል ኖሯል፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ተባለ። ቀጥሎ እንግዳው ይለመዳል። ከጊዜ ብዛት ነባሩም በተራው መታወቂያ ይጠየቃል። ቅጠሉ የተጠቀለለው ጎመን «ጥቅል ጎመን» ተብሎ ቢመጣም፣ አያቶች «ጎመን» ብቻ ይሉት የነበረው የጓሮው ጎመን «የሐበሻ ጎመን» ሆነ። «የፈረንጅ ጽድ» ሲተከል ጥንታዊው ጽድ በገዛ አገሩ «የሐበሻ ጽድ» ተባለ። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ እዚህ ግን ባገሩ ያለው ሁሉ ማንነቱን እንዲያስረዳ ተገዷል።

እርግጥ ቋንቋው ሁልጊዜ አልተሸነፈም። ቆስጣና ሰላጣ ከጣልያንኛ፣ ካሮትና ቲማቲም ከአውሮፓ ከነስማቸው ሲገቡ፣ ቀይ ሥር ግን በአማርኛ አይቶት በአማርኛ ሰየመው። በጎጃም የአዴት የምርምር ማዕከል ያወጣቸው የድንች ዝርያዎችም «ዘንገና» እና «ጓሳ» ተብለዋል፤ ከብዙ ባሕር ማዶ የመጣው ተክል በመጨረሻ የሀገር ስም ወጣለት።

ስሙን ሳይለቅ ሥራውን የለቀቀም አለ። በደቡብ ለሚሊዮኖች ምግብ የሆነው እንሰት በጎንደር ጓሮዎች ኮባ ይባላል፤ የሚፈለገውም ለቅጠሉ ነው። ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን የእንሰትን ሥዕል ሳይቀር ትቶ ለምግብነት መዋሉን ጽፏል። አንድ ጊዜ ሰው የበላው ተክል ዛሬ የዳቦ መጠቅለያ ሆኖ ይኖራል። ቃሉ «ኮባ» በሚባልበት ጓሮ የቆመች ሴት ቅጠሉን ስትቈርጥ ሥሩ ምግብ መሆኑን የሚነግራት ቃል በአካባቢዋ የለም።

አዛባ፣ ፍግ፣ ኩበት

የአንድ ቃል መጥፋት ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ በላይ የሚያስረዱት እነዚህ ሦስት ቃላት ናቸው። ሦስቱም የሚወጡት ከአንድ በረት ነው። ገና እርጥብ ሳለ አዛባ ነው። ተከምሮና በስብሶ ለአፈር ሲውል ፍግ ነው። ተጠፍጥፎና በፀሐይ ደርቆ ለማገዶ ሲውል ኩበት ነው። በአዛባው ፊት የቆመች ሴት በየዕለቱ ፍርድ ትሰጣለች፤ ፍግ ካለችው የከርሞውን ጎመን፣ ኩበት ካለችው የማታውን እራት ታስባለች።

ደን በነበረበት ዘመን ይህ ፍርድ ቀላል ነበር፤ እንጨት ለእሳት፣ ፍግ ለአፈር ይሆን ነበር። ደኑ ሲመናመን ግን ኩበት ፍግን ዋጠው። ለአፈር የሚገባው ወደ ምድጃ ገባ፤ አፈሩ ሲራቆት ምርቱ ቀነሰ፤ ምርቱ ሲቀንስ ተጨማሪ ደን ተመነጠረ። ባሕር ዛፍ በየቤቱ አጠገብ መተከሉ የማገዶውን ጭንቀት በብዙ አቅልሏል፤ ነገር ግን በሥሩ ሌላ ነገር እምብዛም ስለማይበቅል የጓሮን ቦታ ተሻምቷል።

ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በከረጢት የታሸገው የፋብሪካ ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ደረሰ። ማዳበሪያ የሚለው ቃል አፈርን የሚያዳብር ሁሉ የሚጠራበት ሊሆን ይገባ ነበር። የፋብሪካው ግን ስሙን ጠቅልሎ ያዘው፤ እንዲያውም ባዶው ከረጢት ሳይቀር «ማዳበሪያ» ተብሎ እህል ይሰፈርበታል። ፍግና ብስባሽም እንደ ነባሩ ድንች ቅጽል ተለጥፎባቸው «የተፈጥሮ ማዳበሪያ» ሆኑ። ዋጋ የሚከፈልበት በባዶ ስም፣ ከበረት በነፃ የሚገኘው በቅጽል የሚጠራ ከሆነ፣ ልጆች ዋናውና ተጨማሪው የትኛው እንደሆነ የሚማሩት ከስሙ ነው። የፋብሪካው ሲወደድ ወይም ሲዘገይ ግን ገበሬው ተመልሶ የሚያንኳኳው ያንኑ የፍጉን ደጅ ነው።

ማን ያውቃል?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ያለ ጾታ ልዩነት ለሚያለማው ሰው ሰጠ። የዘመኑ መፈክር ግን «መሬት ለአራሹ» ነበር፤ አራሽ ሲባል በሰው ዓይን የሚመጣው በሬ ጠምዶ ጅራፍ የያዘ ወንድ ነው። የኮተኮተች፣ ያረመች፣ ዘር የመረጠች ሴት በዚያ ቃል ውስጥ ለመታየት ጊዜ ወሰደባት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአማራ ክልል የተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። ሕጉ ጓሮ ቀድሞ ያውቀው የነበረውን ጻፈ።

መዝገበ ቃላቶቻችን የሊቃውንት ልፋት ናቸው። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መጽሐፍ በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ታትመው ስፍር ቊጥር የሌለውን የእርሻና የቤት ቃል ከመጥፋት አድነዋል። ሆኖም ስለ ጓሮ ዋናዋ ሊቅ በቅኔ ቤት አልተቀመጠችም። የትኛው ዘር በአመድ ተለውሶ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው በቅል ውስጥ እንደሚሰቀል፣ ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ምን መሸፈን እንዳለበት የምታውቀው እርሷ ናት። ይህን ሁሉ በቃል ይዛዋለችና እርሷ ስታልፍ አብሮ የሚያልፍ ብዙ ነው። ቃሉን ከአንደበቷ ተቀብሎ መጻፍ የሚቻለው እርሷ ሳለች ነው።

የጓሮ ቋንቋ ለዚህ ጉዳይ አንድ ትክክለኛ ቃል አለው። ከመደብ ተነቅሎ በሌላ አፈር የተተከለ ችግኝ ሥር ይዞ ሲበረታ «ጸደቀ» ይባላል። ነፍስ ወደ ገነት ስትገባ የሚነገረው፣ ሕግ በሸንጎ ሲወሰን የሚነገረው ይኸው ቃል ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በሀገር አቀፍ ደረጃ በሚካሄደው የችግኝ ተከላ እንኳ፣ ምን ያህል ተተከለ ከተባለ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ምን ያህል ጸደቀ የሚለው ነው። የደጋ ሴት ችግኝ ተክላ በሳምንቱ ትመለሳለች፤ ቅጠሉን በጣቷ ታነሣለች፤ ጠውልጎ ካገኘችው ታጠጣዋለች፣ ቀና ብሎ ካገኘችው «ጸድቋል» ብላ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች።